ከፍራንክፈርት እስከ ኤርፉርት በመኪና፦ የቱሪንጊያ ግንቦችና የአባ ጎርጎርዮስ መንገድ

የማይን ዳር፦

የጀርመንን ግንቦች ለማየት አስበው በዚህ መድረክ ላይ ምክር ለሚጠይቁ ሰዎች የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ወደ ደቡብ ወርደው ኖይሽቫንሽታይንን እንዲያዩ፣ ወይ በራይን ወንዝ ዳር ተከታትለው የቆሙትን ግንቦች ከጀልባ ላይ እንዲመለከቱ ይነገራቸዋል። ሁለቱንም አይተናል፤ ሄደን አልተቆጨንም። ሆኖም ባለቤቴና እኔ በዚህ ዓመት ከፍራንክፈርት ተነሥተን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቱሪንጊያ ያደረግነው ጉዞ ለኢትዮጵያዊ ተጓዥ ከሁለቱም መቅደም አለበት ብዬ ስለማምን በዝርዝር ልጽፈው ወደድሁ። ምክንያቴም በዚሁ መንገድ ላይ የሚገኘው የጎታ ቤተ መንግሥት በ1652 አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ የአገራችን ካህን በእንግድነት የተቀመጡበት መሆኑ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

መንገዱ ብዙ ዝግጅት አይጠይቅም። ከፍራንክፈርት በኤ 5 አውቶባን ወደ ሰሜን ወጥቶ ባድ ሄርስፌልድ አካባቢ ወደ ምሥራቅ የሚወስደውን ኤ 4 መያዝ ነው፤ እስከ አይዘናኽ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሄርለስሃውዘን አጠገብ ጀርመን ለሁለት ተከፍላ በነበረችበት ዘመን የድንበር ኬላ የነበረውን ስፍራ ያልፋሉ። ከአይዘናኽ እስከ ጎታ 30፣ ከጎታ እስከ ኤርፉርት ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ አይዘናኽ ከደረሱ በኋላ የሚነዳው ሰው ድካም አይሰማውም። እኛ ተራ በተራ ነዳን፤ ባለቤቴ በእኔ ተራ ጊዜ ፍሬን የሌለው ይመስል እግሩን ወለሉ ላይ መጫኑን ባይተውም።

ቫርትቡርግ ከአይዘናኽ ከተማ በላይ በድንጋያማ አምባ ላይ ተቀምጧል። ትውፊቱ ምሥረታውን በ1067 ያደርገዋል፤ የመሳፍንቱ ዋና ሕንጻ ግን የ12ኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው። ከሀንጋሪ በሕፃንነቷ ለጋብቻ መጥታ፣ ባሏ ከሞተ በኋላ ለድሆች ኖራ በ24 ዓመቷ ያረፈችው ቅድስት ኤልሳቤጥ የኖረችው በዚህ ነው። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪው ማርቲን ሉተርም በ1521 በትምህርቱ ከተጠየቀበት የቮርምስ ጉባኤ ሲመለስ የሳክሶኒው መስፍን ሰዎች በመንገድ ላይ የጠለፉት አስመስለው ወስደው የሸሸጉት እዚሁ ነው። ጢሙን አሳድጎ፣ ዮርግ የሚባል ባላባት ነኝ እያለ እስከ 1522 መጋቢት ቆየ፤ አዲስ ኪዳንንም ከግሪክ ወደ ጀርመንኛ በ11 ሳምንት ያህል የተረጎመው በዚያች በእንጨት በተለበጠች ትንሽ ክፍል ነው። በሰይጣን ላይ ቀለም ሲወረውር ግድግዳው ላይ ቀረ የሚባለውን እድፍ አትፈልጉ፤ ለበረከት እየፋቁ የወሰዱ ጎብኚዎች ጨርሰውታል። ወደ አምባው የሚያወጣው የመጨረሻው ዳገት ልብ ያፈስሳል፤ ልጆች ያሏቸው ሰዎች ለዚሁ የሚያገለግሉትን አህዮች ሊጠቀሙ ይችላሉ።

ከሁሉ የከበደኝም፣ ከሁሉ ያስደሰተኝም ጎታ ነው። ፍሪደንሽታይን የሚባለውን ቤተ መንግሥት ማሠራት የጀመረው በ1643፣ ማለትም ጀርመንን ያራቆተው የ30 ዓመቱ ጦርነት ገና ሳያበቃ፣ «ፈሪሃ እግዚአብሔሩ» የሚል ቅጽል የወጣለት መስፍን ኤርንስት ነው። በስፍራው የነበረው ጥንታዊ ምሽግ በ1567 እስከ መሠረቱ ፈርሶ ስለነበር መስፍኑ የሠራው ባዶ ኮረብታ ላይ ነው። ውጪው ከግንብ ይልቅ ሰፊ ገዳም ወይም ጎተራ ይመስላል፤ ነጭ፣ ረጅም፣ ጌጥ የሌለበት። በበሩ ላይ ጽድቅና ሰላም ተቃቅፈው ሲሳሳሙ የሚያሳይ ቅርጽ አለ፤ ሥሩም «ሰላም ያበላል፣ ጠብ ይበላል» የሚል ነገር ተጽፎበታል። ጦርነት ያልበረደበት አገር ውስጥ ያንን በር ላይ ማስቀረጽ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ እኛ ኢትዮጵያውያን ማብራሪያ አያስፈልገንም።

አባ ጎርጎርዮስ እዚህ የደረሱት እንዲህ ነው። በመካነ ሥላሴ የተወለዱ የአምሓራ ሰው ናቸው። ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያን የተባሉትን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ከአገር ሲያስወጡ ከእነርሱ ጋር ተሰደው በሕንድ በኩል ሮም ደረሱ፤ በቫቲካን ውስጥ ባለው የኢትዮጵያውያን ማረፊያ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስም ተቀመጡ። በ1649 ከኤርፉርት የመጣ ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለ የ25 ዓመት ወጣት ግእዝን ከመጻሕፍት ብቻ ተምሮ እዚያ አገኛቸው። ሁለቱ የሚግባቡበት ቋንቋ ሲፈልጉ የሆነላቸው ግእዝ ነው፤ አንደኛው በአፉ ሰምቶት የማያውቀው፣ ሌላኛው ከአውሮፓዊ አፍ እሰማዋለሁ ብሎ ያልጠበቀው። ሉዶልፍ በኋላ የጎታው መስፍን አገልጋይ ሲሆን መስፍኑ አባ ጎርጎርዮስን ጋበዛቸው፤ የ1652ን የበጋ ወራት በፍሪደንሽታይን አሳለፉ። ስለ ኢትዮጵያ ምድር፣ ስለ ሃይማኖቷ፣ ስለ ሥርዓተ መንግሥቷ ተጠየቁ፤ የመለሱትም ተጻፈ። ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ብዙው ክፍል ከእርሳቸው የሰማው ነው። እርሳቸው ግን አገራቸውን ዳግመኛ አላዩም፤ በ1658 ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ የተሳፈሩባት መርከብ በዛሬዋ ቱርክ ጠረፍ እስክንድሮን አጠገብ ሰጥማ ሞቱ።

በቤተ መንግሥቱ ምዕራባዊ ማማ ውስጥ በ1680ዎቹ የተሠራ ቴያትር ቤት አለ። የመድረኩን ትዕይንት ከሥር በገመድና በመዘውር የሚለውጠው የእንጨት መሣሪያ ዛሬም ይሠራል፤ ባለቤቴን ከዚያ ማስወጣት ችግር ሆኖብኝ ነበር። በነገራችን ላይ በ1979 ታኅሣሥ አምስት የታወቁ ሥዕሎች በሌሊት ከዚህ ቤት ተሰርቀው የተመለሱት ከ40 ዓመት በኋላ ነው።

ከጎታ ወደ ኤርፉርት ሲሄዱ ከአውቶባኑ ግራና ቀኝ በሦስት ኮረብቶች ላይ ድራይ ግላይኽን የሚባሉ ሦስት ግንቦች ይታያሉ። ከእነርሱ የአንዱ ባለቤት የነበረው መስፍን በመስቀል ጦርነት ተማርኮ፣ የሱልጣኑ ልጅ ላግባህ ብላ አስመልጣው፣ ቤቱ ሚስት እያለችው ሁለተኛዋን ይዞ መጣ፤ ሁለቱም ሴቶች በፍቅር ተቀበሉት የሚል አፈ ታሪክ አለ። ባለቤቴ ታሪኩን ሲያነብልኝ ድምፁ ስለጣፈጠብኝ መንገዱን እንዲያይ አሳስቤዋለሁ።

ስለ ኤርፉርት ብዙ አልጽፍም፤ እዚያ የሚኖሩ የመድረካችን አባላት ስላሉ ለእነርሱ እተወዋለሁ።

ጣና ማዶ፦

ውድ የማይን ዳር፣ ጽሑፍዎን በጉጉት አነበብኩት፤ አንድ ነገር ልጨምርበት። ፍሪደንሽታይን የተሠራበትን ዘመን ሲጠቅሱ ጎንደር ትዝ አለችኝ። ዐፄ ፋሲለደስ የነገሡት ከ1632 እስከ 1667 ነው፤ ጎንደርን መናገሻ ያደረጉት በ1636 ገደማ ነው፤ ባለ አራት ማማው ግንባቸውም የዚሁ ዘመን ሥራ ነው። እንግዲህ አባ ጎርጎርዮስ በጎታ ተቀምጠው የአዲስ ቤተ መንግሥት ጠራቢዎችን መዶሻ ሲሰሙ፣ እርሳቸውን ለስደት የዳረጉት ንጉሥ ደግሞ በአገር ቤት ግንብ ያስገነቡ ነበር ማለት ነው። በ1652 ፍሪደንሽታይን ገና አልተጠናቀቀምና ይህ ግምት ሳይሆን የቀን ስሌት ነው።

ሁለቱን ሕንጻዎች ያየ ሰው ልዩነታቸውንም ያስተውላል። የፋሲል ግንብ ወደ ላይ የሚያይ ነው፤ ከላይኛው ሰገነት ንጉሡ ጣናን አሻግሮ እንዲመለከት የታሰበ። የጎታው ወደ ውስጥ የሚያይ ነው፤ አስተዳደሩ፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሁሉም በአንድ ግቢ ዙሪያ ተሰብስቧል። በእኛም በኩል ከፋሲል በፊት እንፍራንዝ አጠገብ የዐፄ ሠርፀ ድንግል ነው የሚባለው የጉዛራ ግንብ መኖሩን ለወጣቶቻችን ማስታወስ ይገባል፤ ብዙዎች ግንብ በጎንደር የተጀመረ ይመስላቸዋል።

የደቡብ መንገደኛ፦

አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ኖይሽቫንሽታይንን እንዲህ ዝቅ ማድረጉን አልተቀበልኩትም። ዋጋው ውድ፣ ሰልፉም ረጅም መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ከአገር ቤት የመጣ ዘመድ ይዞ ለሚሄድ ሰው የተራራው፣ የሐይቁና የግንቡ አንድነት በቱሪንጊያ አይገኝም። በተጨማሪም ቫርትቡርግ ጥንታዊ ነው ሲባል ግማሹ እውነት እንደሚቀር መታወቅ አለበት፤ ዛሬ የምናየው ማማና አብዛኛው ጌጥ በ19ኛው መቶ ዘመን እንደገና የተሠራ ነው። የኤልሳቤጥ ክፍል የሚባለው፣ ግድግዳው በወርቃማ ሞዛይክ የተሸፈነው ደግሞ የ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሥራ ነው። ስለዚህ ኖይሽቫንሽታይን አዲስ ነው ብሎ መናቅ ለቫርትቡርግም አይበጅም።

የማይን ዳር፦

ወንድሜ፣ ስለ ቫርትቡርግ የጻፉት ትክክል ነው፤ እንዲያውም ነገሩ ከዚህም ይጠጋጋል። የባቫሪያው ንጉሥ ሉድቪግ 2ኛ በ1867 ቫርትቡርግን ጎብኝቶ በአዳራሹ ተማርኮ ነበር፤ በ1869 መሠረቱ የተጣለው የኖይሽቫንሽታይን የመዘምራን አዳራሽ የቫርትቡርግን አርአያ ተከትሏል። እንግዲህ የታደሰው ግንብ ለአዲሱ አባት ሆነ። እኔ የናቅሁት ግንቡን አይደለም፤ የግማሽ ሰዓት ጉብኝት ለማግኘት ግማሽ ቀን መቆምን ነው። በቫርትቡርግም የመሳፍንቱን ሕንጻ ያየነው ከአስጎብኚ ጋር ገብተን ነው፤ ሆኖም እኛ በማለዳ ስለደረስን ብዙ አልጠበቅንም።

ብራና ወዳጅ፦

የዚህ ጉዞ መነሻ ፍራንክፈርት መሆኑ ራሱ ትርጉም አለው። ሂዮብ ሉዶልፍ በ1624 በኤርፉርት ተወልዶ በ1704 ያረፈው በፍራንክፈርት ነው። በ1698 የታተሙት የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላት፣ የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ የኅትመት ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ የወጡትም በዚያው ከተማ ነው። የሉዶልፍ ወረቀቶች አብዛኞቹ ዛሬ በፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ በ1830ዎቹ ጎንደር ድረስ የዘለቀው ጀርመናዊ ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፐል ከኢትዮጵያ ያመጣቸው ብራናዎችም እዚያው ናቸው። ስለዚህ ቤንዚን ከመሙላታችሁ በፊት የከተማችሁን ቤተ መጻሕፍት ብትጠይቁ ጉዞው ከደጃችሁ ይጀምራል። የጎታው የምርምር ቤተ መጻሕፍትም እንዲሁ በምሥራቃውያን ብራናዎቹ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ብራና የሚወጣው አስቀድሞ ለጠየቀና ምክንያቱን ላስረዳ ሰው እንጂ ለአላፊ አግዳሚ አይደለም።

አንድ ቅሬታም አለኝ። ሉዶልፍ በአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት አባት ሲባል ይኖራል፤ አማርኛን ከማን አፍ እንደ ሰማ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ለሉዶልፍ ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ እርሱ ራሱ መምህሩን አልደበቀም፤ በመጻሕፍቱ በስም ጠርቶ አመስግኗቸዋል፣ ምስላቸውንም አስቀርጾ አትሟል፣ በግእዝ የተጻጻፉትንም ደብዳቤ ጠብቆ አቆይቷል። የዘነጋው ከእርሱ በኋላ የመጣው ነው።

ግሼ በር፦

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እኔ እዚህ ላይ ጥያቄ አለኝ። አባ ጎርጎርዮስ ከኢየሱሳውያን ጋር የወጡት እምነታቸውን ለውጠው ነው። አገራችን በሃይማኖት ጠብ ደም ያፈሰሰችበትን ዘመን እያወቅን እንዲህ ያለውን ሰው እንደ ጀግና ማቅረብ ተገቢ ነውን?

ብራና ወዳጅ፦

ወንድሜ ግሼ በር፣ ጥያቄዎ የሚገባ ነው። በሱስንዮስ ዘመን የፈሰሰውን ደም ማንም አይክደውም፤ ፋሲለደስ አባታቸው ዙፋኑን ሲለቁላቸው የቀደመውን ሃይማኖት የመለሱትም አገሩ ስለጠየቃቸው ነው። እኔ ግን አባ ጎርጎርዮስን የማነበው እንደ ጀግና ወይም እንደ ከሐዲ አይደለም። ካቶሊካዊ ካህን ሆነው ሳለ በሉተራዊ መስፍን ቤት ተቀምጠው ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሲጠየቁ ለአገራቸው ሥርዓት የሰጡት ምስክርነት ንቀት የለበትም፤ አውሮፓ ቄስ ዮሐንስ ስለሚባል የሩቅ አገር ክርስቲያን ንጉሥ መንግሥት ተረት ትተርክ በነበረበት ጊዜ፣ ከሚያውቅ ሰው አፍ የወጣ ቃል ነው። መስፍኑ በ1663 የሉዶልፍን ተማሪ ዮሐን ሚካኤል ቫንስሌብን ወደ ኢትዮጵያ እንዲሄድ የላከውም ይህን ከሰማ በኋላ ነው፤ ቫንስሌብ ግን ግብፅ ደርሶ ቀረ፣ ኋላም ራሱ ካቶሊክ ሆነ። በዚያ ዘመን በሃይማኖት መካከል ድንበር የተሻገረው የእኛ ሰው ብቻ አልነበረም።

ሳክሶኒ፦

ስለ ሉተር ከተነሣ አይቀር፣ መንገዳችሁን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ማስረዘም የምትችሉ ከሆነ ቪተንበርግን ጨምሩ። በ1534 ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን እዚያ ድረስ መጥቶ ከሉተር ጋር ስለ ሃይማኖት ተነጋግሯል፤ ሉተርም ሲሸኘው በመንገዱ ሁሉ በመልካም እንዲቀበሉት የሚጠይቅ ደብዳቤ ጽፎለታል። ከአባ ጎርጎርዮስ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ማለት ነው።

እናት በኦፈንባኽ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ብዙ ተምሬበታለሁ። የእኔ ጥያቄ ግን ከታሪክ የወረደ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ከእኔና ከባለቤቴ ጋር ናት፤ ጉልበቷን ያማታል፤ በነሐሴ ደግሞ ፍልሰታን ትጾማለች። ዳገትና ደረጃ የሌለበትን ክፍል ብትነግሩኝ፣ ስለ ምግቡም ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።

የማይን ዳር፦

እህቴ፣ እናትሽን እንኳን ደኅና አስመጣልሽ። ለጉልበት የሚስማማው ጎታ ነው፤ ግቢው ሰፊና ሜዳ ነው፣ መናፈሻውም ወንበር አለው፤ ወደ ላይኛው ፎቅ ለመውጣት ግን አሳንሰር መኖሩን አስቀድመሽ ደውለሽ ጠይቂ። ቤተ መንግሥቱ ትልቅ እድሳት ላይ ስለሆነ የሚዘጉ ክፍሎች ይኖራሉና በዚያው የትኞቹ ክፍት እንደሆኑ ትጠይቂያለሽ። ቫርትቡርግን ከሥር፣ ከከተማው አይታችሁ ብታልፉ ይሻላል፤ አይዘናኽ ውስጥ በ1685 በዚያች ከተማ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲው የባኽ መታሰቢያ ቤት አለ፤ የዘመኑን የሙዚቃ መሣሪያዎች እየመቱ ስለሚያሰሙ እናትሽ ተቀምጠው ያዳምጣሉ።

ስለ ጾሙ፣ የቱሪንጊያ ምግብ ብራትቩርስት ከሚባለው የተጠበሰ ቋሊማ ጋር የተጋባ ነው። ክሎስ የሚባለው የድንች ድብልብል የጾም ይመስላል፤ ነገር ግን ከሥጋ መረቅ ጋር ይቀርባል፣ ቀዩ ጎመንም ብዙ ጊዜ በስብ ይሠራል። ስለዚህ ሳትጠይቂ አታዢ። የኔ ምክር ሽሮውን ከቤት ይዘሽ፣ ማብሰያ ያለው ማረፊያ መከራየት ነው።

የክሬመር ድልድይ ጎረቤት፦

ኤርፉርትን ለእኛ ስለተዋችሁልን አመሰግናለሁ። ከተማችን ስሟ በጽሑፍ የተነሣው በ742 ነው፤ ጥንታዊው የከተማ ክፍልም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንደ ሌሎቹ ስላልወደመ ሰፊውን ክፍል በእግር ማየት ይቻላል። ክሬመርብሩከ የሚባለው የድንጋይ ድልድይ በ1325 የተሠራ ሲሆን ዛሬ ሰዎች የሚኖሩባቸውና የሚነግዱባቸው 32 ቤቶች ተሸክሟል። ብዙ ጎብኚ በላዩ እየተራመደ ድልድዩ የት ነው ብሎ ይጠይቀኛል፤ ቤቶቹ ግራና ቀኝ ስለጋረዱት ወንዙ አይታይም። ስለዚህ መጀመሪያ ከጎን፣ ከወንዙ ዳር እዩት፤ ከዚያም በምሥራቁ ጫፍ ባለው ቤተ ክርስቲያን ማማ ላይ ውጡ።

ወደ ካቴድራሉ የሚያወጡት 70 ደረጃዎች ናቸው፤ እናት በኦፈንባኽ ይህን ልብ ትበይ። በውስጡ የግላይኽኑ መስፍን ከሁለት ሴቶች ጋር የተቀረጸበት የመቃብር ድንጋይ አለ፤ አፈ ታሪኩም ከዚሁ የተያያዘ ነው። በ1497 ቀልጦ የተሠራው ግሎሪዮሳ የተባለው ደወል ከ11 ቶን በላይ ይመዝናል፤ የሚደወለው ግን በታላላቅ በዓላት ብቻ ነው።

ለባልና ሚስት ተጓዦች የምመክረው ግን የድሮውን ምኩራብ ነው። በ1349 የከተማዋ አይሁድ ሲጨፈጨፉ ከእነርሱ አንዱ የቀበረው የብርና የወርቅ ሀብት በ1998 በቁፋሮ ተገኝቷል፤ ከውስጡም በትንሽ ቤት አምሳል የተሠራ የጋብቻ ቀለበት አለ። ያን ቀለበት የቀበረ ሰው ዳግመኛ አልመጣለትም። ይህ የአይሁድ ቅርስ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

መኪናውን በከተማው ዳር ካለው ማቆሚያ ትታችሁ በትራም ግቡ፤ በጠባቦቹ መንገዶች መዞር ጊዜ ያባክናል። ሰኞ አብዛኛው ሙዚየም ስለሚዘጋ፣ እሑድ ደግሞ ሱቆች ስለማይከፈቱ፣ ቅዳሜ ኤርፉርት እንድትደርሱ አድርጋችሁ ከፍራንክፈርት ሐሙስ ወይም ዓርብ ብትነሡ ይመቻችኋል።